በዚህ ሙቀት ከረባት? ስለ ወንዶቻችን የክት ልብስ እንነጋገር

  

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። ስለ ሸሚዝ፣ ስለ እጅጌና ስለ ከረባት ነው። «ከዚህ የከበደ ስንት ጉዳይ እያለ!» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን ባለፈው ግንቦት ድሬዳዋ ላይ ያየነው ነገር ዝም እንዳንል አደረገን።

የጓደኛችን ሰርግ ነበር። ኒካሑ ጠዋት በሰላም ታሰረ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዙህር በኋላ ሙሽራውና አምስት ሚዜዎቹ ጥቁር ሱፍ ከነሰደርያውና ከነከረባቱ ለብሰው ለፎቶ ወጡ። ሰዓቱ ስምንት ነው። በግንቦት ወር ድሬ ላይ ስምንት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ ባጃጁ እንኳ ጥላ ፈልጎ የሚቆምበት ሰዓት ነው። ፎቶ አንሺው «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ፈገግ!» እያለ ሳለ ከሚዜዎቹ አንዱ ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ከረባቱን ፈታን፣ ኮቱን አወለቅን፣ ጥላ ስር አስተኝተን ውሃ አፈሰስንበት። አልሐምዱሊላህ ነቃ። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የጠየቀን ግን «ኮቱ ቆሸሸ እንዴ?» ብሎ ነበር።

ኮቱ የእሱ አልነበረም። ለአንድ ቀን የተከራየው ነው። ማስያዣውንም የከፈለው ለቤት ኪራይ ካስቀመጠው ብር ቀንሶ ነው። ይህን የነገረን ከሰርጉ ብዙ ቀን በኋላ ነው፤ ስሙን ሳንጠቅስ እንድንጽፈውም ፈቅዶልናል። ሙሽራው ሲሰማ «ለምን አልነገርከኝም?» ብሎ አለቀሰ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ማናችንም አልጠየቅነውም። ሱፍና ከረባት ያልለበሰ ሚዜ፣ ሚዜ አይመስለንም ነበርና።

ከዚያ በኋላ እርስ በርሳችን ስንጫወት ሌሎች ታሪኮች ወጡ። አንዱ ወንድማችን ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ሱፍ ስለሌለው ሳይሄድ ቀረ። ሌላው ደግሞ ሥራ ቦታው ከረባት ግዴታ ስለሆነ እንዳሰረ ለዙህር መስጂድ ገባ። ከሶላት በኋላ አንድ ሰው በሰው ፊት «መስቀል አንገትህ ላይ አስረህ ትሰግዳለህ?» አለው። ልጁ ለተወሰነ ጊዜ ጀማዓ መምጣት አቆመ።

አስቡት፣ አንዱ ከረባት ስላልነበረው ከሥራ ቀረ፤ ሌላው ከረባት ስላሰረ ከመስጂድ ቀረ። አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ይህን ሁሉ ካደረገች፣ ስለ እሷ ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚያሳፍር አይመስለንም።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። ለሙቀት አገር ወንድ ሙሉ የክት ልብስ ማለት ንጹሕ፣ በልኩ የተሰፋ፣ ሙሉ እጅጌ ያለው የጥጥ ሸሚዝ ከደህና ሱሪና ከተወለወለ ጫማ ጋር ነው። ከረባት ሲያስፈልግ የሚጨመር ነገር እንጂ የክብር መለኪያ አይደለም። ያላሰረውን መናቅም፣ ያሰረውን በሌለ ታሪክ ማውገዝም ልክ አይደለም።

ለክት መልበስ ከየት መጣ?

«ሙእሚን ለልብስ መጨነቅ የለበትም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ኢስራፍን በመፍራት ከሆነ እሰየው። ግን አንድ የታወቀ ታሪክ እናስታውስ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በመስጂድ በር ላይ የሚሸጥ የሐር ልብስ አዩ። ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ገዝተው ለጁሙዓና የልዑካን ቡድኖች ሲመጡ ቢለብሱት ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልብሱን አልተቀበሉትም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው።

እዚህ ላይ ዑለማዎች አንድ ነገር ያስተውላሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያልተቀበሉት ሐሩን እንጂ ለጁሙዓና ለእንግዳ የሚለበስ የተለየ ልብስ መኖሩን አይደለም። የክት ልብስ ማስቀመጥ የነበረ ወግ ነው። ጥያቄው ከምን ይሠራ፣ እንዴት ይለበስ የሚለው ነው።

የከረባት ታሪክ

ከረባት መስቀልን ለማስታወስ የተሠራ ነው የሚለው ወሬ ከስልክ ስልክ ሲዞር የኖረ ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አውሮፓ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ስትታመስ፣ ለፈረንሳይ የሚዋጉ የክሮኤሺያ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ጨርቅ ያስሩ ነበር። ፈረንሳዮች ወደዱትና ወሰዱት፤ በሰዎቹ ስምም ጠሩት። እኛ ዛሬ «ከረባት» የምንለው ቃል ሥሩ «ክሮአት» ከሚለው የሕዝብ ስም ነው። አሁን የምናውቀው ረጅምና ቀጭን ከረባት ደግሞ አቆራረጡ በ1920ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ልብስ ሰፊ የፈጠራ መብት የተመዘገበለት ነው። ወታደርና ልብስ ሰፊ የፈጠሩት ነገር ነው።

ይህን ስንል ከረባትን የማይወዱ ዑለማዎች የሉም ማለታችን አይደለም። ከሌሎች ጋር መመሳሰል ነው ብለው የሚጠሉት አሉ፤ ኢራንም ከ1979ኙ አብዮት በኋላ የምዕራባውያን ምልክት ነው ብላ ገፍታዋለች። በዘመናችን የሁሉም ሕዝብ ልብስ ሆኗልና ችግር የለውም የሚሉም አሉ። የሚያምነውን ዓሊም ይዞ ከረባት የተወ ወንድማችን አላህ ይመንዳው። ግን ሐሳቡን በማስረጃው ይያዝ፤ የመስቀሉን ወሬ ማስረጃ አድርጎ የሰው ልጅ ከመስጂድ አያባርር።

ከሌላ አገር የመጣ ልብስስ? ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በተቡክ ዘመቻ የሻም ጁባ ለብሰው ነበር። ሻም በዚያን ጊዜ ገና በሩሞች እጅ ነበረች። ልብሱ ከሌላ አገር መምጣቱ ብቻውን አላስከለከለውም። ይኸው ሐዲስ ስለ እጅጌም የሚነግረን አለ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ችግሩ ሐሩ ላይ ነው

ስለ ከረባት ስንከራከር ዋናውን እንረሳለን። ብዙ ውድ ከረባቶች ከእውነተኛ ሐር የተሠሩ ናቸው። ሐር ደግሞ ለወንዶቻችን የተከለከለ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ዘገባ የተፈቀደው ከሁለት እስከ አራት ጣት ለሚሆን ጌጥ ብቻ ነው። ከረባት ሙሉው ሐር ከሆነ፣ ርዝመቱንም ስፋቱንም ብትለኩት ከዚያ ያልፋል።

መልካሙ ነገር፣ ገበያ ላይ ሐር ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ ፖሊስተር ናቸው። እንዴት ትለያላችሁ? ከከረባቱ የጀርባ ስፌት አንዲት ክር ምዘዙና ክብሪት አስነኩት። ሐር ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ በጣት ሲነኩት የሚደቅ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ሰው ሠራሽ ጨርቅ እንደ ሐር ቢያብረቀርቅም የተከለከለው ሐር አይደለም። ስለዚህ ወንድማችንን «ለምን አሰርክ?» ከማለት ይልቅ «ሐር እንዳይሆን አይተኸዋል?» ማለት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ሰውነታችን ሙቀትን እንዴት ያወጣል?

አላህ ለሰውነታችን ላብን የሰጠው እንዲበርድ ነው። ላብ የሚያበርደው ግን ሲተን ነው፤ ለመትነን ደግሞ አየር ይፈልጋል። በሸሚዝና በቆዳችን መካከል ያለው አየር ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ መውጫው ኮሌታው ነው። የላይኛውን ቁልፍ ቆልፈን ከረባት ስናጠብቅ በሩን ዘጋነው ማለት ነው። በላዩ ላይ ገበሩ ፖሊስተር የሆነ ጥቁር ኮት ሲደረብ ላቡ የትም አይሄድም። ወንድማችን የወደቀው ስለ ደከመ ወይም «ዓይን ስለ ነካው» ብቻ ነው ብላችሁ አታሳንሱት።

ታዲያ በሙቀት አገር የሚኖሩ ሌሎች ምን አደረጉ? ጃፓን በ2005 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በበጋ ማቀዝቀዣቸውን 28 ዲግሪ ላይ እንዲያደርጉና ሠራተኞች ያለ ኮትና ያለ ከረባት እንዲገቡ አደረገች። በሥነ ሥርዓት አክባሪነቱ የታወቀ ሕዝብ ነው። ባንግላዴሽ በ2009 ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ብላ የመንግሥት ሠራተኞች በሞቃቱ ወራት ሱፍና ከረባት እንዲተዉ አዘዘች። በሕዝበ ሙስሊም ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም የሆነችው ኢንዶኔዢያ ደግሞ ሙሉ እጅጌ ያለውን የባቲክ ሸሚዝ ለሰርግም ለመንግሥት ሥነ ሥርዓትም የክት አድርጋዋለች፤ ከረባት አይፈለግበትም። እነዚህ አገሮች ከረባትን ቢተዉም ሥርዓትን አልተዉም፤ ለአየራቸው የሚስማማ የክት ልብስ መረጡ።

እኛም ጋ ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። ከመካከላችን የአንዳችን አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ለሥራ የሚለብሱት ነጣ ያለ ሳፋሪ ነበር፤ ቤት ሲገቡ ሽርጣቸውን ያገለድማሉ። በከረባት አንድም ቀን አላየናቸውም። ሰፈሩ ሁሉ ግን ተነሥቶ ነበር የሚቀበላቸው።

ሙሉ እጅጌ ወይስ አጭር?

ብዙዎቻችሁ «ሙቀት ከሆነ አጭር እጅጌ አይሻልም ወይ?» ትላላችሁ። ለዘወትር ይሻላል። ለክት ግን ሙሉ እጅጌን የምንመርጠው በሦስት ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ ፀሐይ። ድሬን በመሰለ ደረቅ አየር ክንድን ከፀሐይ የሚጋርድ ሰፋ ያለና ስስ እጅጌ ከባዶ ክንድ የባሰ አይሞቅም። በ1980 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት በረሃ ላይ የሚኖሩ በደዊዎችን ልብስ መርምሮ ነበር። ልብሱ ሰፊ በመሆኑና አየር ከውስጡ ስለሚዘዋወር፣ ጥቁርም ሆነ ነጭ ለለባሹ የሚደርሰው ሙቀት እኩል ሆኖ ተገኘ። ቁም ነገሩ የልብሱ ስፋትና አየር ማሳለፉ ነው።

ሁለተኛ፣ ሙሉ እጅጌ ከሁሉም ቦታ ጋር ይሄዳል። ጠዋት ለኒካሕ፣ ቀን ለቢሮ፣ ማታ ለወሊማ። ሲሞቅ ሁለቴ አጥፋችሁ ከክርን በታች ታቆሙታላችሁ፤ ሽማግሌ ፊት ስትቀርቡ ትዘረጉታላችሁ። አጭሩ እጅጌ እንዲህ አይሆንም። ከረባት ከግድ ካስፈለገም የሚያምረው ከሙሉ እጅጌ ጋር ነው፤ በአጭር እጅጌ ላይ ከረባት ስታስሩ ግማሹ ለሰርግ፣ ግማሹ ለቤት የለበሰ ሰው ትመስላላችሁ። አጭር እጅጌ ከለበሳችሁ ኮሌታውን ከፍታችሁ በራሱ ወጉ ልበሱት፤ ጌጥ አትጫኑበት።

ሦስተኛ፣ ውዱእና ሶላት። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር። አሁን ገበያውን የሞላው ከክንድ ጋር የተጣበቀ ሸሚዝ ነው። በመስጂዶቻችን የውዱእ ቦታ የምናየው ያሳስበናል። እጅጌው ከክርን በላይ አልወጣ ስላለ ውሃውን እስከ ክንዳቸው አጋማሽ ብቻ አድርሰው የሚነሱ ወንድሞች አሉ። ክርን ሳይታጠብ ደግሞ ውዱእ አልሞላም። የሙጊራ (ረ.ዐ) ሐዲስ የሚያስተምረን እዚህ ላይ ነው። የሻሙ ጁባ እጅጌው ጠባብ ስለነበር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ክንዳቸውን ለመታጠብ ሲፈልጉ አልወጣ አላቸው። ጠበበ ብለው መታጠቡን አላጎደሉም፤ እጃቸውን ከጁባው ሥር አውጥተው ታጠቡ። ሸሚዝ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ እጅጌውን ከክርናችሁ በላይ ሰብስቡት። እንቢ ካለ ምንም ያህል ቢያምር ተዉት።

ከውዱእ በኋላስ? እጅጌያችሁን ዘርግታችሁ ወደ ሶላት ግቡ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሶላት ውስጥ ልብስን መሰብሰብ እንዳይኖር መታዘዛቸውን ነግረውናል። ዑለማዎች እጅጌን አጥፎ መስገድን የተጠላ ያደርጉታል፤ ሶላቱ ግን አይበላሽም። ከመጀመሪያው አጭር ሆኖ የተሰፋ እጅጌ የተሰበሰበ አይባልምና «አጭር እጅጌ ለብሰህ አትስገድ» እያላችሁ ሰው አታስጨንቁ። ከዚህ የረቀቀውን የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

ስትመርጡ

ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፤ በአፋችሁም እፍ በሉበት፤ ትንፋሻችሁ ካላለፈ አየርም አያልፍም። በጡጫችሁ ጨብጣችሁ ልቀቁት። ጥጥ ይጨማደዳል፤ ጭራሽ ሳይጨማደድ ተመልሶ ከተዘረጋ ፖሊስተር ይበዛዋል። አዎ፣ ጥጥ ካውያ ይፈልጋል። አሥር ደቂቃ ካውያ ቀኑን ሙሉ ከመጣበቅ ይሻላል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ሰማያዊ ፈዛዛና ግራጫ ላብን ወዲያው ያሳብቃሉ። ነጭ ይደብቃል፤ በሱና የተወደደም ቀለም ነው። ከሥሩ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ልበሱ፤ ላቡን እሱ ይጠጣዋል።

እጅጌው የእጅ አንጓ አጥንት ላይ ይቁም። ብብቱ አይጭመቅ። ኮሌታው ተቆልፎ ሁለት ጣት ያስገባ። ከሱቅ የሚሆናችሁ ካጣችሁ ወደ ልብስ ሰፊ ሂዱ፤ መጋላም ሰፊ አለ። ሐረር ለደረሰ ደግሞ ከስፌት መኪና ጩኸት ስሙን ያገኘው መኪና ግርግር አለ። በልክ የተሰፋ አንድ ሸሚዝ ተንዘርፍፎ ከሚታይ የኪራይ ሱፍ ይበልጣል።

«ቃለ መጠይቅ ላይስ?»

ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ አናቃልለውም። ባንክና አንዳንድ ትልልቅ መሥሪያ ቤት ከረባት ደንብ ነው። ደንብ ያለበት ቦታ ደንቡን አክብሩ፤ ሐር ያልሆነ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ከረባት ይበቃችኋል። መንገድ ላይ ኪሳችሁ ውስጥ ይቀመጥ፤ በር ላይ ስትደርሱ እሰሩት። ሥራ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ተሰባስባችሁ አለቆቻችሁን በአክብሮት ጠይቁ፦ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ከረባቱ ቢቀርልን? ጃፓንና ባንግላዴሽ የፈቀዱት ነገር የእኛን መሥሪያ ቤት አያዋርደውም።

ደንብ በሌለበት ግን ሱፍ የለኝም ብሎ መቅረት ይብቃ። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ የተቆለፈ እጅጌ፣ ንጹሕ ጫማና የተዘጋጀ መልስ ይዛችሁ ግቡ። ቀጣሪ ለሆናችሁ ታላላቅ ወንድሞቻችንም አደራ፣ ልጁን በኮቱ አትመዝኑት። ኮቱ የጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ችሎታው ግን የራሱ ነው።

ለሙሽሮች

ሙሽራ ሆይ፣ ሚዜዎችህ ወንድሞችህ ናቸው። «አምስታችሁም አንድ ዓይነት ሱፍ» ስትል ከአምስቱ አንዱ የቤት ኪራዩን ወይም የእናቱን መድኃኒት እያሰበ «እሺ» ሊልህ ይችላል። አፍሮ አይነግርህም። አንተ ቅደመው። «ነጭ ሙሉ እጅጌ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ፤ ያላችሁን ልበሱ» ብለህ ላክላቸው። ጀለቢያም ያምራል። ፎቶውንም ወደ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐዩ ከበረደ በኋላ አድርጉት፤ መልካችሁም ይጠራል። ሸሚዙ ለጁሙዓ፣ ለዒድ፣ ለቃለ መጠይቅ ይለበሳል። የኪራይ ሱፍ ግን በነጋታው ይመለሳል፤ ዕዳው ብቻ ይቀራል።

እናቶችና አባቶችም አግዙን። «የእገሌ ልጅ ሚዜዎች እንዲህ ለብሰው» የሚለው ወሬ የሚጀምረው ከእኛው ቤት ነው።

ያ የወደቀው ወንድማችን በአላህ ፈቃድ ከዒድ በኋላ ሙሽራ ሊሆን ነው። ለሚዜዎቹ የላከውን መልእክት አሳየን፤ ከላይ የጻፍነውን ከእሱ ነው የወሰድነው። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨምሯል፦ «ሸሚዝ የሌለው ካለ ለብቻዬ ይደውልልኝ፤ ከእኔና ከእሱ ውጪ ማንም አያውቅም።»

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በከተማችሁ ሚዜዎች ምን ይለብሳሉ? ወጪውንስ የሚሸፍነው ማን ነው? በአደብ እንወያይ። ልክ የሆነው ከአላህ ነው፤ ስሕተቱ ከእኛ ነው።

 ወላሁ አዕለም።